ድልድይና መንገድ መሪ፡- ስለ ሰፋፊ የኢተርኔት መረቦች አሠራርና ለአገራችን ስላለው ትርጉም

1. መግቢያ

በስደት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ምሁር ስለ አገሩ የመገናኛ ሁኔታ በሚወያይበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «ኢንተርኔቱ ተዘጋ ወይስ ተከፈተ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ በአንድ ሌሊት ከዓለም ተቆርጦ ሲያድር የሚሰማው ጭንቀት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ጥያቄ ቀድሞ መነሣት የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ መረብ ምን ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው ነው በአንድ ሰው ትእዛዝ ወይም በአንድ መሣሪያ ብልሽት ሙሉ በሙሉ ጸጥ ሊል የሚችለው የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ዕውቀት፣ የምሕንድስና ትምህርት ላልተከታተለ አንባቢም በሚገባ መልኩ ማቅረብ ነው። በመጀመሪያ ኢተርኔት የተባለው የመገናኛ ዘዴ እንዴት እንደተወለደ እንመለከታለን። ቀጥለንም መረብን ለማስፋት የተፈለሰፉትን ሁለት መንገዶች፣ ማለትም ድልድይን እና መንገድ መሪን እናነጻጽራለን። በመጨረሻም በምንኖርባት በአውስትራልያ የተሠራውን መረብ ምሳሌ አድርገን፣ ከዚህ ለኢትዮጵያ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

ክርክራችን በአጭሩ የሚከተለው ነው። ትንሹን መረብ በምቾት የሚያኖረው ዘዴ ትልቁን መረብ ይገድለዋል። ትልቁን መረብ የሚያኖረው ዘዴ ደግሞ በየመገናኛው ላይ በር ያቆማል። በር ካለ ዘንድ የበሩ ቁጥር ስንት ነው፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው የሚለው ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የመላው ኅብረተሰብ ጉዳይ ይሆናል።

2. የኢተርኔት አመጣጥ

የኢተርኔት ሐሳብ የሚመዘዘው ከሐዋይ ደሴቶች ነው። ኖርማን አብራምሰን እና ባልደረቦቹ በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ባስጀመሩት አሎኸኔት በተባለው መረብ ውስጥ፣ በተለያዩ ደሴቶች የሚገኙ ጣቢያዎች በአንድ የጋራ የሬዲዮ ሞገድ ይጠቀሙ ነበር። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ መልእክታቸው ይደበላለቃል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዳቸው በዕጣ የተወሰነ ጥቂት ጊዜ ጠብቀው መልእክቱን ይደግሙታል።

ይህን ሐሳብ ከአየር ወደ ሽቦ ያወረደው በካሊፎርንያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ሮበርት ሜትካፍ ነው። በግንቦት ወር 1973 እ.ኤ.አ. በጻፈው ማስታወሻ ለፈጠራው ኢተርኔት የሚለውን ስም ሰጠው፤ ስሙን የወሰደውም የቀድሞ የፊዚክስ ሊቃውንት ብርሃንን ይሸከማል ብለው ያስቡት ከነበረው ኤተር ከተባለው ረቂቅ ነገር ነው። ሜትካፍ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖ በ1976 አሠራሩን ለሕዝብ አሳተመ። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴል እና ዜሮክስ የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት የሚያስተላልፍ የጋራ መለኪያ አወጡ። ይህም በ1983 የአሜሪካው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም መለኪያ ሆኖ ጸደቀ።

አሠራሩን ለመረዳት የእድር ጡሩምባ ነፊን ማስታወስ ይበቃል። ጡሩምባ ነፊው ማለዳ ተነሥቶ በሰፈሩ ሲለፍፍ ድምፁን የማይሰማ የለም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ይነሣል፣ የማይመለከተው ተመልሶ ይተኛል። በቀድሞው ኢተርኔትም እንዲሁ ነው። ኮምፕዩተሮቹ ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ የላከውን ሁሉም ይሰማል፤ አድራሻው የኔ ነው የሚለው ብቻ ይቀበለዋል። ለዚህም ሲባል እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካው ሲወጣ 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ ቁጥር ከመሣሪያው ጋር ይኖራል፤ መሣሪያው ከአዲስ አበባ ወደ ሜልበርን ቢጓዝም አይለወጥም።

የዚህ ዘዴ ውበት ማዕከላዊ አስተዳዳሪ የማያሻው መሆኑ ነው። አዲስ ኮምፕዩተር ከሽቦው ጋር ይያያዛል፣ ይሠራል፤ ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም የለም። ነገር ግን ጡሩምባው የሚሰማው በአንድ ሰፈር ውስጥ ብቻ እንደሆነ ሁሉ የሽቦውም ርዝመት የተወሰነ ነው። ሰፈሩ ሲሰፋስ?

3. የመጀመሪያው መፍትሔ፡- ድልድይ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ብሪጅ ወይም ድልድይ የተባለው መሣሪያ ነው። ድልድይ ሁለት ሽቦዎችን ያገናኛል፤ ነገር ግን የሰማውን ሁሉ እንዳለ አያሻግርም። በየትኛው ወገን የትኛው መሣሪያ እንደሚናገር እያዳመጠ በመዝገብ ይይዛል። ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ወገን ከሆኑ ዝም ይላል፤ በተለያየ ወገን ከሆኑ ያሻግራል፤ ተቀባዩን ገና ካላወቀው ደግሞ ለሁሉም ይለፍፋል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ስዊች የተባለው ሣጥን ብዙ በሮች ያሉት ድልድይ እንጂ ሌላ አይደለም።

ድልድይ ሠራተኛ አያስቸግርም፤ ኮምፕዩተሮቹም መኖሩን እንኳ አያውቁም። በዚህም ምክንያት በፍጥነት ተስፋፋ። ሆኖም ሦስት ችግሮች ተከተሉት።

አንደኛው የመዝገቡ መጠን ነው። የፋብሪካው ቁጥር መሣሪያው ማን እንደሆነ እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። የእኛ ስም ከነአባትና ከነአያት ቢጠራ የትውልድ ሐረጋችንን ይገልጥ እንደሆነ እንጂ በየትኛው ከተማ እንደምንኖር አይገልጥም፤ የመሣሪያውም ቁጥር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በድልድይ በተያያዘ መረብ ውስጥ አንድ ሚሊዮን መሣሪያዎች ቢኖሩ፣ የሁሉም ጉዞ የሚያልፍበት ዋና ድልድይ የአንድ ሚሊዮኑን ቁጥር አንድ በአንድ መዝግቦ መያዝ አለበት፤ በጅምላ የሚመዘግብበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው የልፈፋው ብዛት ነው። ኮምፕዩተሮች እርስ በርስ ለመፈላለግ «እገሌ የት ነህ?» እያሉ ለሁሉም ይጣራሉ። ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሚሊዮን መሣሪያዎች እያንዳንዱ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጣራ፣ በሴኮንድ ከ16,000 በላይ ጥሪ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጥሪ እያንዳንዱ መሣሪያ፣ ጉዳዩ ቢመለከተውም ባይመለከተውም፣ ማዳመጥ ይኖርበታል። የሜልበርን ሕዝብ ሁሉ የአንድ እድር አባል ሆኖ ለእያንዳንዱ ቀብር ጡሩምባ ቢነፋለት እንቅልፍ የሚባል ነገር በከተማው እንደማይኖር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛውና አደገኛው ቀለበት ነው። አንድ ድልድይ ቢበላሽ ሌላ መንገድ እንዲኖር ሲባል በሁለት ሰፈሮች መካከል ሁለት ድልድዮች ቢተከሉ፣ አንደኛው ያሻገረውን ልፈፋ ሁለተኛው ይመልሰዋል፤ የመለሰውን እንደገና አንደኛው ያሻግረዋል። የኢተርኔት መልእክት ስንት ድልድይ እንደተሻገረ የሚቆጥር ምልክት ስለሌለው መዞሩን የሚያቆመው የለም። በየዙሩም ስለሚባዛ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መረቡን ያጥለቀልቀዋል። መሐንዲሶች ይህን የልፈፋ ማዕበል ይሉታል።

4. የዛፉ ብልሃትና ገደቡ

ለሦስተኛው ችግር መፍትሔ የሰጠችው በዲጂታል ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመችው ዘዴ ድልድዮቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ከመካከላቸው አንዱን ሥር አድርገው እንዲመርጡና፣ ከዚያም ከሥሩ ጀምሮ ሁሉን የሚያዳርስ ነገር ግን ምንም ቀለበት የሌለው ዛፍ እንዲሠሩ ያደርጋል። ከዛፉ ውጭ የቀሩት መንገዶች ይዘጋሉ፤ ከዛፉ አንዱ ቅርንጫፍ ሲሰበር ብቻ ይከፈታሉ። ፐርልማን የዘዴውን ይዘት በአጭር ግጥም ጭምር መግለጿ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዘዴው በ1990 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ ጸድቆ፣ የተሻሻለው ዓይነት እስከ ዛሬ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ስዊቾች ውስጥ ይሠራል።

ይሁንና ዛፉም ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያ ደረጃ የተዘጋው መንገድ ሥራ ፈት ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ፋይበር ተዘርግቶ፣ ሌላው እስኪበጠስ ድረስ ምንም ሳያስተላልፍ ይተኛል። በሁለተኛ ደረጃ ጎረቤታሞች የነበሩ ሁለት ቦታዎች በመካከላቸው ያለው መንገድ ከዛፉ ውጭ ከሆነ እስከ ግንዱ ድረስ ወርደው መመለስ ይኖርባቸዋል። በሦስተኛ ደረጃ ዛፉ ሲናጋ እንደገና እስኪቆም ድረስ በቀድሞው ዘዴ ከ30 እስከ 50 ሴኮንድ ይፈጃል። የቀድሞው መለኪያም በመረቡ ዳርና ዳር መካከል ከሰባት ድልድዮች በላይ እንዳይኖሩ ይመክር ነበር።

ይህን ምክር መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል በቦስተን ከተማ በሚገኘው በቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል የደረሰው ያሳያል። የሆስፒታሉ መረብ ለዓመታት በድልድይ ላይ ድልድይ እየተጨመረበት ያደገ ነበር። በኖቬምበር 2002 አንድ ከባድ የመረጃ ዝውውር በተጨመረበት ጊዜ ከሰባት በላይ ድልድዮችን ያካተተው ዛፍ ራሱን ማቆም አቃተው። ለአራት ቀናት ያህል ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀትና ወደ እግር መልእክተኛ ተመለሱ። የሆስፒታሉ የኮምፕዩተር ኃላፊ የነበሩት ጆን ሃላምካ የደረሰውን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ በማስረዳታቸው፣ ጉዳዩ ዛሬ ለሌሎች ማስተማሪያ ሆኗል። የተወሰደው እርምጃም መረቡን በመንገድ መሪዎች ከፋፍሎ እንደገና መሥራት ነበር።

5. ሁለተኛው መፍትሔ፡- መንገድ መሪ

ራውተር የተባለው መሣሪያ፣ እኛ እዚህ መንገድ መሪ የምንለው፣ ከድልድይ የሚለየው በሌላ ዓይነት አድራሻ በመጠቀሙ ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ቦታን ይናገራል። በአገራችን አንድን ቤት ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር እያልን እንደምናመለክተው ሁሉ፣ የአድራሻው መጀመሪያ ሰፊውን ክፍል፣ መጨረሻው ጠባቡን ክፍል ያሳያል። ከጎንደር ወደ ጅማ የተላከ ደብዳቤ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የፖስታ ሠራተኛው የጅማን ቤቶች ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የጅማን ከረጢት ማወቅ ብቻ ይበቃዋል።

የዚህን ጥቅም በቁጥር እንመልከት። አንድ ሺህ ወረዳዎች ቢኖሩና በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሺህ መሣሪያዎች ቢገኙ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ። በድልድይ ዘዴ እያንዳንዱ ዋና መሣሪያ እስከ አንድ ሚሊዮን መስመር የሚደርስ መዝገብ ሊይዝ ነው። በመንገድ መሪ ዘዴ ግን የአንድ ወረዳ መንገድ መሪ የራሱን አንድ ሺህ መሣሪያዎችና የሌሎቹን 999 ወረዳዎች ስም፣ ማለትም ከሁለት ሺህ ያነሰ መስመር ብቻ ይይዛል። ከዚህም በላይ «እገሌ የት ነህ?» የሚለው ልፈፋ ከወረዳው አይወጣም። እያንዳንዱም መልእክት በየመንገድ መሪው በሚያልፍበት ጊዜ አንድ የሚቀነስለት ቁጥር ስላለው፣ በስሕተት ቀለበት ውስጥ ቢገባ እንኳ ቁጥሩ ሲያልቅ ይጣላል፤ ለዘላለም አይዞርም። መንገድ መሪዎቹ አጭሩን መንገድ የሚያሰሉበት ዘዴም በአብዛኛው የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ካሳተመው ስሌት የተወረሰ ነው።

የሜልበርን ከተማ ራሷ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሮበርት ኤልዝ ከሐዋይ ዩኒቨርሲቲው ቶርበን ኒልሰን ጋር ሆኖ በጁን 1989 አውስትራልያን ከኢንተርኔት ጋር በቋሚነት ያገናኘው በሳተላይት በኩል ነበር፤ የመስመሩ አቅም በሴኮንድ 56,000 ቢት ብቻ ነበር። የኢተርኔት ሐሳብ የፈለቀበት የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ለአውስትራልያም የኢንተርኔት በር መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ የነበረው ኢተርኔት 10 ሚሊዮን ቢት ያስተላልፍ ስለነበር፣ የባሕር ማዶው መስመር ከግቢው ሽቦ 180 ጊዜ ያህል የጠበበ ነበር። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በድልድይ ቢያያዙ ኖሮ የግቢው ልፈፋ ብቻውን ያን ቀጭን መስመር በሞላው ነበር። በ1990 ሥራ የጀመረው አርኔት የተባለው የአውስትራልያ ዩኒቨርሲቲዎች መረብም በዚሁ መርሕ ተመራ፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የግቢውን መረብ እንደፈለገ ያስተዳድራል፤ በየክፍለ አገሩ ዋና ከተማ ባለው መገናኛ ግን በመንገድ መሪ በኩል ይገናኛል።

6. ስምንና ቦታን መለየት

እንግዲህ መንገድ መሪ ይህን ያህል የሚሻል ከሆነ ድልድይን ለምን ጨርሰን አንተወውም? ምክንያቱ ቦታን የሚናገር አድራሻ ቦታ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ያለበት መሆኑ ነው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የተዛወረ ሰው የቀድሞ አድራሻው እንደማያገለግለው ሁሉ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተዛወረ ኮምፕዩተርም አዲስ አድራሻ ያስፈልገዋል፤ በመሐል የጀመረው ሥራ ይቋረጣል። ዛሬ በትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች ውስጥ ሥራዎች ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚዘዋወሩ ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁለቱን ለማጣመር ብዙ ደክመዋል። በ1998 የጸደቀው ቪላን የተባለው ዘዴ አንዱን ስዊች በብዙ የማይተያዩ ሰፈሮች ይከፍለዋል፤ ምልክቱ 12 ቢት ብቻ ስለሆነ ግን ከ4,094 ሰፈር በላይ አይበቃም። ፐርልማን ራሷ በ2004 የመንገድ መሪን ስሌት ወደ ድልድዩ ውስጥ የሚያስገባ፣ ለመልእክቱም የዙር መቁጠሪያ የሚሰጥ አዲስ ሐሳብ አቀረበች፤ ይህም ትሪል በሚል ስም በ2011 የኢንተርኔት መለኪያ ሆነ። በ2012 ደግሞ የመሐንዲሶቹ ተቋም የአጭር መንገድ ድልድይ የሚባለውን ተመሳሳይ መለኪያ አጸደቀ። በ2014 የታተመው ቪኤክስላን የሰፈሩን ምልክት ወደ 24 ቢት ከፍ በማድረግ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰፈሮችን አስቻለ።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ ሐሳብ አንድ ነው፤ ስምንና ቦታን መለየት። መሣሪያው የተወለደበትን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል፤ አሁን ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መዝገብ ግን ለብቻው ይጠበቃል። መልእክቱም የስሙን ፖስታ በቦታው ፖስታ ውስጥ ከትቶ በመንገድ መሪዎች በኩል ይጓዛል። በ2015 ኢቪፒኤን የተባለው መለኪያ ሲወጣ «እገሌ የት ነህ?» የሚለውን ልፈፋ በእጅጉ ቀንሶ፣ በመንገድ መሪዎች መካከል በሚደረግ የመዝገብ ልውውጥ ተካው። ይህን ለስደተኛ አንባቢ ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በናይሮቢ በኩል ሜልበርን ፉትስክሬይ የሰፈረ ሰው ስሙ ያው ነው፤ ደብዳቤ የሚደርሰው ግን የዛሬ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ወይም ማኅበር ሲኖር ብቻ ነው።

7. በር የት ይቁም? የአውስትራልያ ክርክር

እስከዚህ ድረስ ያየነው ስለ አሠራር ነው። አሁን ደግሞ የአሠራሩ ምርጫ እንዴት የኅብረተሰብ ጥያቄ እንደሚሆን እንመልከት። የአውስትራልያ መንግሥት በኤፕሪል 2009 መላ አገሪቱን የሚያዳርስ አዲስ መረብ ለመሥራት መወሰኑን አስታወቀ። ለዚሁ የተቋቋመው ኤንቢኤን የተባለው የመንግሥት ኩባንያ በጅምላ ብቻ ይሸጣል፤ የሚሸጠውም የኢተርኔት አገልግሎት ነው። ከአንድ የፉትስክሬይ ቤት የወጣ መልእክት ሁለት ድርብ የቪላን ምልክት ተለጥፎበት በኢተርኔት ዘዴ እስከ መረከቢያ ጣቢያ ይደርሳል። በዚያም ደንበኛው የመረጠው ቸርቻሪ ድርጅት ተረክቦ በራሱ መንገድ መሪ ወደ ዓለም ይልከዋል። ድልድዩ ለቅርቡ፣ መንገድ መሪው ለሩቁ መሆኑ ነው።

ከባዱ ክርክር የተነሣው በመረከቢያ ጣቢያዎቹ ቁጥር ላይ ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ በጥቂት ዋና ከተሞች 14 ጣቢያዎች ብቻ እንዲኖሩ ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል ቢያንስ ግን ከክፍለ አገር ወደ ዋና ከተማ መስመር የዘረጉት ተፎካካሪ ድርጅቶች ሥራ አጥተው፣ ረጅሙ መንገድ ሁሉ በአንድ ኩባንያ እጅ ይወድቅ ነበር። የውድድር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከብዙ ምክክር በኋላ ጣቢያዎቹ በየአካባቢው እንዲበተኑ በመወሰኑ ቁጥራቸው በመጨረሻ 121 ሆነ። ይህም ለአነስተኛ ቸርቻሪዎች ወጪ አበዛ የሚል ወቀሳ አለበት፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ግን ድልድዩ የት አብቅቶ መንገድ መሪው የት ይጀምር የሚለው ደረቅ የሚመስል ጥያቄ በአደባባይ ክርክርና በሕግ የተወሰነ መሆኑን ነው።

8. ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ መሰጠት የጀመረው በጃንዋሪ 1997 በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ከዚያም በ2000ዎቹ ዓመታት የወረዳ መስተዳድሮችን የሚያገናኘው ወረዳኔት፣ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ስኩልኔት፣ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የትምህርትና የምርምር መረብ ተከታተሉ። አገሪቱ ወደብ ስለሌላት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው።

ወረዳኔት ሲጀመር ራቅ ያሉትን ወረዳዎች ከአዲስ አበባ ማዕከል ጋር ያገናኘው በሳተላይት ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ሳተላይት ከፍታ 35,786 ኪሎ ሜትር ነው። መልእክት ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች በማዕከሉ በኩል ብቻ የሚገናኙ ከሆነ መልእክታቸው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ስለሚወርድ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። የኮከብ ቅርጽ ያለው መረብ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ለመነጋገር ግን ይከብዳል፤ ማዕከሉ ሲወድቅ ደግሞ ዳሩ ሁሉ ይወድቃል።

የቅርጹን የፖለቲካ መዘዝ የቅርብ ዓመታት ታሪክ አሳይቶናል። በጁን መጨረሻ 2020 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ሕዝብ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠ፤ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ከፕሪቶርያው ስምምነት ወዲህ ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ቆየ። ይህን ሁሉ ያደረገው መሣሪያው ነው ማለታችን አይደለም፤ ውሳኔው የሰው ነው። ነገር ግን የመረቡ መንገዶች ሁሉ በጥቂት በሮች የሚያልፉ በሆኑ መጠን ውሳኔውን ለመፈጸም የሚያስፈልገው ድካም ያንሳል። በጥንት የንግድ መንገዶቻችን ላይ የነበረውን ኬላ ያስታውሷል፤ መንገዱ አንድ ከሆነ የኬላው ሹም ጌታ ነው፤ መንገዱ ሦስትና አራት ከሆነ ግን ነጋዴው ምርጫ አለው።

መፍትሔው መንገድ መሪን ትቶ ወደ ድልድይ መመለስ እንዳልሆነ ካሳየነው ግልጽ ነው፤ አንድ ወጥ የድልድይ መረብ በማንም ትእዛዝ ሳይሆን በራሱ ልፈፋ ይታነቃል። መፍትሔው በሮቹን ማብዛትና ባለቤቶቻቸውን መለያየት ነው። በዚህ ረገድ የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ያስተምራል። በናይሮቢ የኢንተርኔት አቅራቢዎች መልእክታቸውን በቀጥታ የሚለዋወጡበት የጋራ ጣቢያ በ2000 መጨረሻ አቋቋሙ። ከዚያ በፊት በናይሮቢ ከአንድ መንገድ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሁለት ቢሮዎች የሚጻጻፉት ደብዳቤ በሳተላይት ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። የመንግሥቱ የቴሌኮም ድርጅት ብቸኛ መብቴ ተነካ ብሎ በማመልከቱ ጣቢያው ወዲያው ተዘጋ፤ አቅራቢዎቹ ተከራክረው በ2002 መጀመሪያ አስከፈቱት። የሚገርመው እንዲህ ያለ የመለዋወጫ ጣቢያ በውስጡ አንድ ስዊች፣ ማለትም ድልድይ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ የየድርጅቱ መንገድ መሪዎች ይቆማሉ። እንደ ገበያ አደባባይ ሜዳው የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ከፈለገው ጋር ይለዋወጣል።

በኢትዮጵያ የቴሌኮም ዘርፍ ከአንድ መንግሥታዊ ድርጅት እጅ መውጣት የጀመረው በ2021 ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ ድርጅቱም በኦክቶበር 2022 አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። የአገልግሎት ሰጪው ቁጥር ሁለት መሆኑ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ሁለት ስም ያላቸው ድርጅቶች በአንድ በር የሚወጡ ከሆነ ለሕዝቡ ያው አንድ ናቸው። መጠየቅ ያለበት የድርጅቶቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከአገር የሚወጡት መንገዶች፣ በክልሎች መካከል በቀጥታ የሚያገናኙት መስመሮችና የመለዋወጫ ጣቢያዎቹ ቁጥር ጭምር ነው።

9. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ስናጠቃልለው ከመሐንዲሱም ከፖሊሲ አውጪውም የሚጠበቁ አራት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ድልድይ ለአንድ ሕንፃ ወይም ለአንድ ግቢ ይሁን፤ ከዚያ በላይ አይለጠጥ። ሁለተኛ፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በሆስፒታሎችና በወረዳዎች መካከል መንገድ መሪ ይቁም፤ የአንዱ ብልሽት ሌላውን እንዳያሰምጥ። ሦስተኛ፣ አድራሻ ሲደለደል እንደ ቦታው ተዋረድ ይደልደል፤ ዛሬ በዘፈቀደ የተሰጠ ቁጥር ነገ የማይታረም ሸክም ነውና። አራተኛ፣ ከማዕከሉ ሌላ ክልሎችን በቀጥታ የሚያገናኙ መንገዶች ይኑሩ፤ በሮቹም በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ይሁኑ።

በውጭ አገር የምንገኝ የሙያው ሰዎች ለዚህ ልናበረክተው የምንችለው አስተዋጽኦ ገንዘብ ከማዋጣት ያልፋል። ብዙዎቻችን በየምንሠራበት አገር እንዲህ ያሉትን መረቦች ነድፈናል፣ ጠግነናል፤ ሲወድቁም ሲነሡም አይተናል። ይህን ልምድ ለአገር ቤት ተማሪ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ፣ ቃላቱንም ተወያይቶ መወሰን የሚጠበቅብን ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ድልድይ፣ መንገድ መሪ፣ ልፈፋ ያልናቸው ቃላት የመጨረሻ ናቸው አንልም፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ያቅርብ። ስለ መረቡ ቅርጽ በራሱ ቋንቋ መናገር ያልቻለ ሕዝብ፣ በሩ ሲዘጋበት «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ «ሌላ በር ለምን አልተሠራም?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቸግረዋል።